የየቤቱ ጥላሁን

የጥላሁን ገሠሠ ድምፅ ምን ያህል ቀጭን ነበር? ጥያቄው ለሙዚቃ ምሁር የሚቀርብ ይመስላል። በእኔ ዕድሜ ያለ የአዲስ አበባ ልጅ ግን መልሱን የተማረው ሳሎን ካለው ቡፌ ላይ ነው፤ መልሱም ከቤት ቤት ይለያይ ነበር። እኛ ቤት ጥላሁን ቀጠን፣ ቸኮል ያለ፣ ጢሙ ገና ያላቀመቀመ ጎረምሳ ነበር። ሌላ ቤት ስትሄዱ ጎርነን ብሎ፣ ረጋ ብሎ፣ ልጆች አሳድጎ የዳረ ሰው ይመስላል። ዘፈኑ ያው ነው። ብዙ ጊዜ ካሴቱም ያው ራሱ ነው፣ ከእኛ የተዋሱት። የሚለየው ቴፑ ነበር።

ስለ ድሮ ቴፕና ሸክላ ሲወራ «ድምፁ እንዴት ያምር ነበር!» የሚሉ ሰዎች ያስገርሙኛል። አያምርም ነበር። ይንሿሿል፣ ይንተፋተፋል፣ አንዳንዴም ካሴቱን ይበላል፤ በእስክሪብቶ እየጠቀለልን ከሆዱ ያወጣነው ክር ቤቱ ይቁጠረው። የዛሬ ስልክ ከነትንሿ ማዳመጫው ያንን ሁሉ ያስንቃል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፤ መሣሪያው ራሱ ዘፈኑ ውስጥ እጁን ያስገባ ነበር፤ እኛም ያንን እጅ ሳናውቅ ከዘፋኙ ጋር አንድ አድርገን አጠናነው።

ከቴፑ በፊት ቤታችን የነበረው አራት ቀጫጭን እግር ያለው፣ ቫርኒሹ ፊት የሚያሳይ የእንጨት ሣጥን ነው። ሬዲዮና ሸክላ ማጫወቻ አንድ ላይ ይዟል። አባቴ ትዳር ሳይዝ የገዛው ነው፤ እናቴ ግን ጥሎሽ ውስጥ የተቆጠረ ይመስል «የእኔ» ትለው ነበር። ከሥሩ ባለው መደርደሪያ ትንንሾቹ ባለ 45 ዙር ሸክላዎች ተደርድረዋል፣ አብዛኞቹ የአምሃ እሸቴ። አምሃ እ.ኤ.አ. በ1969 የራሱን ሸክላ ማሳተም ሲጀምር ሕጉ አልፈቀደለትም ነበር፤ የማሳተም መብት የተሰጠው ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበርና። እሱ ግን መጀመሪያ ህንድ፣ በኋላ ሊባኖስ እያሳተመ አስመጣ፤ ከተማውም ገዛው። የወጣት ድፍረት ለሕዝብ ከጠቀመባቸው ጊዜያት አንዱ ይመስለኛል።

የሸክላ ማጫወቻው መርፌ ሲደክም ዘፈኑ አንድ ቃል ላይ ተቸክሎ ይቀራል። አዲስ መርፌ እንደ ልብ አይገኝም። መፍትሔው ክንዱ ጫፍ ላይ ሳንቲም መጫን ነበር፤ ከበደው ሸክላው ይታረሳል፣ ከቀለለው መርፌው ይዘላል። አባቴ አምስት ሳንቲም ያስቀምጣል፤ አጎቴ ደግሞ እሱ በሌለበት አሥር። አንዳንድ ሸክላዎቻችን ነጭ ጭረት ያወጡት በአጎቴ ዘመን ነው።

ከዚያ አብዮቱ መጣ፣ ካሴትም መጣ። ፊሊፕስ ካሴትን ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው፤ እኛ አገር ግን ሸክላን ከገበያ ያስወጣው ከደርግ መምጣት በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው። ይህ የቴክኒክ ለውጥ ብቻ አልነበረም። ሰዓት እላፊ ታውጇል። የመሸበት ሰው የትም ሊሄድ አይችልም፤ ጭፈራ ያማረው ወይ ሆቴል ገብቶ በሩ ተዘግቶበት እስኪነጋ ያድራል፣ ወይ ሰው ቤት ያድራል። ስለዚህ በየሰፈሩ ደህና ቴፕ ያለው ቤት ሳያስበው የምሽት ክበብ ሆነ። የልደቱም፣ የምርቃቱም፣ የመልሱም እንግዳ ጫማውን አውልቆ እስከ ንጋት ይቆያል። ካሴት የሚለውጠው ልጅ እንቅልፍ የለውም። እኔ ያ ልጅ ነበርኩ፤ የካሴት ፊት ሲያልቅ የሚሰማውን «ጠቅ» ዛሬም ተኝቼ ብሰማው የምነሣ ይመስለኛል።

የእኛ ቴፕ የጃፓን ሥሪት ነው፣ ሁለት ስፒከር ያለው። ሁለት መሆናቸው አባቴን በጣም አሳስቦት ነበር። ለምን ሁለት? አንዱን ሳሎን፣ ሌላውን በረጅም ሽቦ ማድ ቤት አስቀመጠው፤ «እናንተም ስሙ፣ እኛም እንስማ» በሚል ፍትሐዊ አስተሳሰብ። በአገራችን ዘፈን ምንም አልተፈጠረም። ያኔ የነበሩን ሸክላዎች አብዛኞቹ ሞኖ ናቸው፤ ከሸክላ የተቀዳው ካሴትም እንዲሁ። ግራና ቀኙ አንድ ነው። ጉዱ የታየው የአጎቴ የቢትልስ ካሴት የገባ ቀን ነው። የዚያ ዘመን የስቴሪዮ ቅጂያቸው ድምፁን በአንድ ወገን፣ መሣሪያውን በሌላው ወገን የሚያደርግ ነው። ሳሎን ጊታርና ከበሮ ብቻ፤ ማድ ቤት ደግሞ ያለ ምንም አጃቢ የሚያንጎራጉሩ እንግሊዞች። እናቴ ሽንኩርት እያቁላላች «እነዚህ ልጆች መሣሪያ የላቸውም እንዴ?» አለች፤ አጎቴ ሳሎን ሆኖ ዘፋኙን ይጠብቃል።

የፍጥነቱ ነገር ግን ማንም ሳያውቀው ዓመታት ቆየ። ምክንያቱ በኋላ ነው የገባን። የቴፕ ሞተር ክሩን የሚጎትተው በላስቲክ ችንጋ ነው። ችንጋው ሲላላ ቴፑ ይዘገያል። አንድ ጊዜ የወሰድንበት ሠሪ ችንጋ ስላጣ ሞተሩን በማፍጠን አካካሰው፤ ሞተሩ ቂጥ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች፣ በቀጭን ካቻቢቴ ውስጧ ያለውን ቡሎን ካዞሩት ፍጥነቱ ይለወጣል። በኋላ ሌላ ሠሪ አዲስ ችንጋ አገኘና ቀየረ፤ ቡሎኑን ግን አልመለሰውም። ካሴት በሴኮንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር መሄድ ሲገባው የእኛ በመቶ ስድስት ገደማ ጨመረ። በመቶ ስድስት ማለት በሙዚቃ ግማሽ ቶን ነው። ቅኝቱን አያበላሸውም፤ ትዝታው ትዝታ፣ ባቲውም ባቲ እንደሆነ ይቀራል፣ ሁሉም ኖታ እኩል ነው የሚወጣው። ስለዚህ ጆሮ አያማርርም። ብቻ ዘፋኙ ዕድሜው ይቀንሳል።

ጣጣው የመጣው በአክስቴ በኩል ነው። አክስቴ ዋሽንግተን ናት፤ ስልክ ውድ ነው፣ ደብዳቤ ደግሞ አያቴ አታነብም። እንደ ብዙ ቤተሰብ ድምፃችንን ካሴት ላይ እየቀዳን ለመንገደኛ እንሰጥ ነበር። ቀዩን ቁልፍ ከማጫወቻው ጋር አብሮ መጫን የእኔ ሥራ ነው። አያቴ ወንዝ ማዶ ያለ ሰው እንደምትጣራ ቴፑ ላይ ትጮኻለች፤ መጀመሪያ ምርቃት፣ ከዚያ የሞተና የወለደ ዝርዝር፣ ከዚያ ለቅሶ። ጎረቤት ተራ ይዞ ይሰለፋል። ከአክስቴም በተራዋ ይመጣል።

ልብ በሉ፤ በሚቸኩል ቴፕ የተቀዳ ነገር በደህና ቴፕ ሲሰማ ይዘገያል፣ ይጎረንናልም። አክስቴ እዚያ የሰማቻት አያቴ ቃሏ የሚጎተት፣ ድምፅዋ የወረደ ሴት ናት። ወዲያው ደወለች፤ ያን ውድ ስልክ። «እምዬ ምን ሆና ነው? አትደብቁኝ!» ደህና ናት ብንላት አላመነችም፤ አገሩ መርዶ የሚደባበቅበት አገር ነውና በእርሷ አይፈረድም። የሚቀጥለውን ካሴት አያቴ «ይኸው በሕይወት አለሁ» ብላ ጀመረች፤ እሱም እዚያ ሲደርስ ከመቃብር አፋፍ የመጣ ይመስል ነበር። የአክስቴ ካሴት በበኩሉ እኛ ቤት ሲጫወት እየፈጠነ፣ እየቀጠነ፣ ፍልቅልቅ ይላል። ጎረቤቱ ሁሉ «አሜሪካ እንዴት ተስማማቻት! ልጅ ሆናለች እኮ» ይላል። አክስቴ ያን ጊዜ ሌሊት ሌሊት ሆስፒታል ውስጥ ወለል ትወለውል እንደነበር የነገረችን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ድካሟ ካሴቱ ላይ ሳይኖር አይቀርም፤ ቴፓችን ነው የሸፈነላት።

ምሥጢሩን የፈታው አንድ ዶሮ ማነቂያ የነበረ ቴፕ ሠሪ ነው። ሰፈሩ ራሱ ዛሬ የለም። ሱቁ ሦስት ሰው አያስገባም፤ ግድግዳው እስከ ጣሪያው በቴፕ ሆድ ዕቃ የተሞላ ነው። የወሰድንለት ለሌላ ችግር ነበር፤ ሄዱን በአልኮል ጠርጎ ሲያበቃ አንድ ካሴት ከትቶ ሰዓቱን አየ። 30 ደቂቃ መሄድ ያለበት ፊት 28 ላይ ጠቅ አለ። ሳያስፈቅድ ካቻቢቴውን አነሣና አስተካከለው።

ቤት ወስደን ጥላሁንን ስንከፍት አባቴ ፊቱ ተለወጠ። «ይሄ ሰውዬ ምን ነካው? አሞታል!» እናቴ ባትሪ ያለቀ መሰላት፤ ቴፑ ግን በመብራት ነው የሚሠራው። የማሕሙድም፣ የብዙነሽም ያው ሆነ፤ ቤቱ ሁሉ ጉንፋን የያዘው መሰለ። በማግስቱ አባቴ ቴፑን በነጠላ ጠቅልሎ ተመለሰ፤ እኔም ተከተልኩ። ሠሪው በትዕግሥት አስረዳ፦ «ጋሼ፣ አሁን ነው ትክክል የሆነው። ድሮ ነው የተበላሸው።» አባቴም «አንተ ልጅ፣ እኔ ጥላሁንን ከክብር ዘበኛ ጀምሮ ነው የማውቀው» አለው። እውነቱን ነው፤ መድረክ ላይ አይቶታል። ግን በዓይኑ ያየውን ሰው ጆሮው በቴፑ ከለወጠው ቆይቷል። ቡሎኑ ተመለሰ። ሠሪው ገንዘብ አልተቀበለም፤ ባበላሸው ነገር ማስከፈል ነውር ነው አለ።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የመጡትን ማጫወቻዎች ብዙም አላነሣቸውም። ከጂዳ የመጣ፣ ከድሬዳዋው ታይዋን ገበያ የተገዛ፣ መብራቱ የሚዘልል፣ ሦስት ሲዲ የሚውጥ፣ ካርቶኑ ላይ ስንት ሺህ ዋት ፒ.ኤም.ፒ.ኦ. የሚል የተጻፈበት። ያ ቁጥር ምንም ዓይነት የጋራ መለኪያ አልነበረውም፤ እያንዳንዱ ፋብሪካ ደስ ያለውን ይጽፍ ነበር። እኔም በደመወዜ አንዱን ገዝቼ ነበር። ቤዙ መስታወት ያንቀጠቅጣል፤ አንድም ዘፈን ግን በእሱ አላስታውስም። ሲዲ ደግሞ ፍጥነቱን ራሱ ይቆጣጠራል፤ የማንም ቤት ሲዲ ከማንም አይለይም።

ስለ ካሴት ዘመን ሳወራ አንድ ነገር ካልተናገርኩ ግን ሐቀኛ አልሆንም። ያ የመዋዋስና የማስቀዳት ባህል ለእኛ ፍቅር ነበር፤ ለዘፋኞቹ ግን ኪሣራ። ኦርጅናሉን አንድ ሰው ይገዛል፣ ሰፈሩ በባዶ ካሴት ይገለብጣል። የቅጅ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410፣ የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ ካሴቱ ራሱ ሊሞት ምንም አልቀረውም ነበር።

በሌላ በኩል ያ ሁሉ የተበተነ ካሴት ባይኖር ስንቱ ይጠፋ ነበር። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣውን «ሸሞንሟናዬ» አንድ አሜሪካዊ ባህር ዳር ውስጥ ከካሴት መሐል አግኝቶ በ2013 እንደገና አሳተመው። ኃይሉም ዳግም መድረክ ላይ ወጣ። ይህን ሳነብ ወደ አእምሮዬ የመጣው ጥያቄ ማንም የማይጠይቀው ነው፤ ካሴቱ ከእኛ ቤት ቢገኝ ኖሮና ከእኛው ቴፕ ላይ ቢገለበጥ ዓለም የሚያውቀው ኃይሉ መርጊያ የትኛው ይሆን ነበር?

ባለቤቴ ያደገችው ደሴ ነው። የቤታቸው ቴፕ በባትሪ ድንጋይ ይሠራ ነበር፤ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ጥቂት ይነቃል፣ እንደገና ይደክማል። የእሷ ጥላሁን ስለዚህ ከትክክለኛውም የዘገየ ነው። እንደተጋባን ስለ እሱ ስናወራ ስለ ሁለት የተለያዩ ሰዎች እናወራ እንደነበር ያወቅነው ዘግይተን ነው። እሷ «እያዘነ የሚዘፍን» ትለዋለች፤ እኔ «ቁጣ ያለበት» እለው ነበር።

በቅርቡ ኮምፒዩተር ላይ ፍጥነትና ቅጥነትን አብሮ የሚለውጥ ፕሮግራም ተማርኩ። አንዱን ዘፈን በመቶ ስድስት አፈጠንኩትና ከፈትኩት። ወንድሜ ድሬዳዋ ሆኖ በስልክ ሲሰማው «ይሄ ነው! ይሄ ነው!» እያለ ጮኸ። ባለቤቴ ግን እጇን አጣጥባ መጣችና «ሰውዬውን ውሻ ያባርረዋል?» ብላ ራሷ በመቶ አራት አዘገየችው፤ ለእኔ እንቅልፍ ከአልጋ ያወረደው ሰው ሆነብኝ። እኔ እያፈጠንኩ፣ እሷ እያዘገየች ስንከራከር ልጃችን በመሐል ገባች። ስልኳን አንሥታ ያለ ምንም መጨመርና መቀነስ ያለውን ከፈተችና «ትክክለኛው እኮ ይኸውላችሁ» አለች።

«አንቺ ደግሞ ምን ታውቂያለሽ!» አልናት፣ ሁለታችንም በአንድ ላይ።