በረሃው ያለው ፕላኑ ውስጥ ነው

ሐምሌ ላይ መርካቶ ገብቶ የማያውቅ ሰው ካለ እስቲ አንድ ቀን ይምጣ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ጭቃው ጫማ ያስወልቃል። ሸራ የወጠረው ነጋዴ ከላዩ የተጠራቀመውን ውሃ በእንጨት እየገፋ መንገደኛው ላይ ይደፋዋል። በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ጎርፍ መሃል፣ አንዲት ሴት ቢጫ ጀሪካን ይዛ ውሃ ፍለጋ ትሄዳለች። የሰፈሯ ፈረቃ ገና አልደረሰማ!

እኔ ያደግኩት እዚሁ አዲስ ከተማ፣ አስር ቤት አንድ ቧንቧ በሚጋራበት ግቢ ውስጥ ነው። ስለዚህ ይህ ነገር ለረጅም ጊዜ አልገረመኝም። ምህንድስና ተምሬ፣ ሶፍትዌር እየሠራሁ እንጀራዬን መብላት ከጀመርኩ በኋላ ነው እብደት መሆኑ የገባኝ። በኛ ሙያ አንድ ሰርቨር ላይ ብቻ የተንጠለጠለ፣ ግንኙነት ሲቋረጥ የሚጠቀምበት ምንም ነገር በራሱ ያላስቀመጠ ሲስተም የሠራ ሰው በቡድኑ ፊት ያፍራል። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ቤት የምንሠራው ልክ እንደዚያ ነው። ለገዳዲ ወይም ገፈርሳ አንድ ነገር ሲሆን፣ መብራት ሲጠፋ፣ ቱቦ ሲፈነዳ፣ ቤቱ ወዲያው ይደርቃል። ከዚያ «ውሃ የለም» እንላለን።

ውሃማ አለ። ሒሳቡን አብረን እንሥራ። አዲስ አበባ በዓመት ወደ 1,100 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው። 50 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ያለው ቤት ላይ 55,000 ሊትር ይወርዳል ማለት ነው። አምስት እጅ አድርጋችሁ አንዱን እጅ ለብክነት ተዉት፤ 44,000 ሊትር ይቀራል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከሆነ 2,200 ጀሪካን! ይህን ሁሉ በቦይ ሸኝተን፣ ጎርፍ ሆኖ የታችኛውን ሰፈር ሲያጥለቀልቅ በስልካችን ቪዲዮ እንቀርጸዋለን።

አሁን ወደ እውነተኛው ደረቅ አገር እንሂድ። በሶማሌ ክልል ብዙ ቦታዎች የሚዘንበው ዝናብ አዲስ አበባ የምታገኘውን ግማሽ እንኳን አይሞላም። እዚያ ያለው አርብቶ አደር ብርካ ይቆፍራል፤ መሬት ውስጥ የገባ፣ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ከሜዳው የሚወርደውን ጎርፍ የሚይዝ ጉድጓድ። ያለችውን ጥቂት ዝናብ ይዞ ደረቁን ወራት ይገፋባታል። በረሃ የሚኖረው ሰው ውሃ እንደሌለ አስቦ ይሠራል። እኛ ደግሞ ውሃ እንዳለ አስበን ሠርተን እንደ በረሃ ሰው እንኖራለን። የኛ በረሃ ሰማዩ ላይ አይደለም፤ ያለው የቤቱ ፕላን ውስጥ ነው።

ይህንን ስል የሚመጣውን መልስ አውቀዋለሁ። «ውሃ ማቅረብ የመንግሥት ሥራ ነው።» አዎ፣ ነው። ግን ይህ ጣሪያህ ላይ የወረደውን ለመድፋት ምክንያት ይሆናል? ቤርሙዳ የምትባል ደሴት ወንዝም ሐይቅም የላትም። ስለዚህ ቤት የሚሠራ ሰው ጣሪያው ዝናብ እንዲሰበስብ፣ ከሥሩም ማጠራቀሚያ እንዲኖረው ሕጉ ያስገድዳል። በሕንድ የታሚል ናዱ ክፍለ ግዛትም እ.ኤ.አ. በ2003 የዝናብ ውሃ መሰብሰብን ለሕንፃዎች ግዴታ አድርጓል። ሁለቱም ቦታ መንግሥት ሥራውን የሠራው ቤቱም የራሱን እንዲሠራ በማስገደድ ነው።

«ዝናቡ የሦስት ወር ነው፤ እስከ ግንቦት የሚቆይ ውሃ በምን ይያዛል?» ይህኛው ጥሩ ጥያቄ ነው። ሙሉ ዓመቱን አይዝም፤ ይዛል ብዬም አልዋሽም። ግን በሐምሌና በነሐሴ በየወሩ ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። ያ ለዚያች 50 ካሬ ጣሪያ በወር 400 ጀሪካን፣ በቀን 13 ጀሪካን ገደማ ነው። ለመጠጥ አይሁን፤ የመጀመሪያው ውሃ የጣሪያውን አቧራ ይዞ ስለሚመጣም ይደፋ። ልብስ ለማጠብ፣ ወለል ለመወልወል፣ ሽንት ቤት ለማፍሰስ ግን ምን ጎደለው? የክረምቱ ጀሪካን ብቻ ቢቀር እንኳን ለእናቶቻችን ወገብ ትንሽ ነገር አይደለም።

«ፎቅ ላይ የሚኖረውስ?» እውነት ነው፣ ለባለ አምስት ፎቅ ኮንዶሚኒየም አንድ ጣሪያ አይበቃም። ለፎቅ የሚያስፈልገው ሌላ ነገር ነው። እማዬ ልብስ ያጠበችበትን ውሃ ደፍታ አታውቅም ነበር። በሳፋ አቆይታ ግቢውን ታጥብበታለች፣ የቀረውን ሽንት ቤት ትለቅበታለች። አሁን እኔ በምኖርበት ኮንዶሚኒየም የገላ መታጠቢያው ውሃና የሽንት ቤቱ ፍሳሽ አንድ ላይ ተቀላቅለው ይሄዳሉ፤ ሽንት ቤቱን የማፈሰውም በሚጠጣ ውሃ ነው፣ ያውም በፈረቃ በሚመጣ! ሁለቱን መስመር ለመለየት የሚያስፈልገው ሕንፃው ሲሠራ አንድ ተጨማሪ ቱቦ መዘርጋት ነበር። አሁን ይለይ ቢባል ግድግዳ ማፍረስ ነው። የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ከተጀመረ ወደ ሃያ ዓመት ሆኖታል። ስንት ግድግዳ ያለዚያች ቱቦ ተለሰነ?

ስለዚህ የምጣላው ከኛው ትውልድ ጋር ነው፤ ከመሐንዲሱ፣ ከአርክቴክቱ፣ ከኔ ብጤው ሶፍትዌር ሠሪ ጋር። መብራት በስልክ የሚያበራ ቤት «ስማርት» ነው ብለን እንጨበጨባለን። ፕላን ስንስል መስታወቱን እናስቀድማለን፤ ሮቶው የሚቀመጥበት ቦታ የሚታሰበው ሕንፃው ካለቀ በኋላ፣ ነዋሪው ገብቶ ማማረር ሲጀምር ነው። የመርካቶ አሮጌ ቤቶች እየፈረሱ ፎቅ እየተተካ ባለበት በዚህ ሰዓት ይህ ቀልድ አይደለም። ዛሬ በፕላኑ ላይ ያልተሳለ ቱቦ ለሚቀጥሉት ሃምሳ ዓመታት ጀሪካን ማለት ነው። ተሸካሚዋም ትታወቃለች። ፕላኑን የሳለው ሰው እንደማይሆን ግን እርግጠኛ ነኝ።

የሚያስቀው፣ መፍትሔው ከመርካቶ አይወጣም። ምናለሽ ተራ ሂዱ። የተጣለ በርሜልና ቆርቆሮ ቀጥቅጠው ምድጃ፣ ባልዲ፣ የፈለጋችሁትን የሚያወጡ እጆች እዚያ አሉ። አሸንዳ ለነሱ የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። አዲስ ቴክኖሎጂ እስኪመጣ የሚያስጠብቀን ነገር የለም።

የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው ክፍል ነገ ጠዋት አንድ ጥያቄ ቢጨምር ይበቃል፦ «ጣሪያው ላይ የሚወርደው ውሃ የት ይሄዳል?» «ወደ መንገድ» ብሎ የሚመልስ ፕላን ይመለስ። ጥያቄው እስኪመጣ ግን ቤት የምታሠሩ፣ ለሌላ ሰው ቤት የምትስሉ፣ የአክስታችሁን ጣሪያ የምታስቀይሩ ሁሉ ራሳችሁ ጠይቁት። ሰኔ ሳይገባ።