ጥላቻን የሚያስረው ሕግ ነገ ማንን ያስራል?

በ1954 ዓ.ም. ክረምቱ ሲገባ፣ ኮልፌ በነበረው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ማሠልጠኛ ውስጥ አንድ ረጅም ደቡብ አፍሪካዊ የውትድርና ትምህርት ይቀስም ነበር። ኔልሰን ማንዴላ ይባላል። በዚያ ካስተማሩት መኮንኖች አንዱ ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ነበሩ።

ማንዴላ አገሩ እንደተመለሰ ተያዘ። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ንግግሩን ጠቅሶ ማተም በደቡብ አፍሪካ ወንጀል ሆኖ ቆየ። ታደሰ ብሩም ጄኔራል ሆኑ፣ የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበርን ተቀላቀሉ። ማኅበሩ በ1959 ተዘጋ። እሳቸው ሞት ተፈርዶባቸው ወደ ዕድሜ ልክ ከተለወጠላቸው በኋላ ደርግ በ1967 ረሸናቸው። እርግጥ ሁለቱም የተከሰሱት በቃል ብቻ አልነበረም፤ በመሣሪያና በሴራም ጭምር ነው። ግን መንግሥታቱ አስቀድመው የፈሩት አፋቸውን ነበር። የብሔርን ጉዳይ በአደባባይ ማንሳት ያኔ አገር እንደማፍረስ ይቆጠር ነበር። ዛሬ ያንኑ ጉዳይ ሳያነሳ የሚውል ፖለቲከኛ የለም።

ይህ አንዱ የኮልፌ ታሪክ ነው። ሌላው የመስከረም 2011 ነው። ከአሸዋ ሜዳና ከቡራዩ በማንነታቸው የተጠቁ ሰዎች ልጆቻቸውን አዝለው ወደ አዲስ አበባ ሲሸሹ፣ በኮልፌና በአካባቢው ትምህርት ቤቶች ተጠልለው ነበር። አምነስቲ ኢንተርናሽናል ቢያንስ 58 ሰው መገደሉን ዘግቧል። እነዚያን እናቶች ያየ ሰው "ቃል አይገድልም" የሚለውን ተረት አይቀበልም፤ አይገባምም። ከዱላው በፊት "መጤ" የሚለው ቃል ደርሶ ነበር።

አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የመጣው በዚህ ድንጋጤ ውስጥ ነው። ፓርላማው የካቲት 5 ቀን 2012 ሲያጸድቀው 23 አባላት ተቃውመዋል፤ በዚያ ምክር ቤት ልማድ ይህ ትንሽ ቁጥር አይደለም። አዋጁ የጥላቻ ንግግርን ሲተረጉም ሦስት ነገሮችን በአንድ ገመድ አስሯል፦ ጥላቻን፣ መድልዎንና ጥቃትን ሆን ብሎ ማነሳሳት። ጥቃት ይታያል። መድልዎም ይታያል፤ ሥራ የተከለከለ፣ ቤት አላከራይም የተባለ ሰው ይቆጠራል። ጥላቻ ግን የሚኖረው ልብ ውስጥ ነው። ልብን የሚመዝነው ማን ነው? ዐቃቤ ሕግ። ዐቃቤ ሕግን የሚሾመውስ? እዚህ ላይ ነገሩ ይገባችኋል። ገጹ ከ5 ሺህ በላይ ተከታይ ካለው ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት እስር ይደርሳል።

"ሕጉን በደግ እንጠቀምበታለን" የሚሉ አሉ። የፀረ ሽብር አዋጅ ቁጥር 652/2001ም የወጣው ለቦምብ ጣዮች ነው ተብሎ ነበር፤ በ2004 ጋዜጠኛ እስክንድር ነጋ 18 ዓመት ተፈረደበት። ሩዋንዳን ተመልከቱ። ሬዲዮ የጭፍጨፋ መሣሪያ የሆነባት አገር ስለሆነች ጥብቅ ሕግ ብታወጣ ማንም አይፈርድባትም። ይሁንና ያ ሕግ ተቃዋሚዎችንና ጋዜጠኞችንም ለመክሰስ ዋለ።

ሕጉ ያዳናቸውስ? ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በጥቅምት 2014 ባሕር ዳር ላይ ሲገደሉ አዋጁ ከወጣ ዓመት ከመንፈቅ አልፎት ነበር። ስማቸውን፣ ፎቷቸውንና የሥራ ቦታቸውን ፌስቡክ ላይ ለጥፈው ያወገዟቸው ሰዎች ነበሩ፤ ልጃቸው አስቀድሞ ለኩባንያው እንዳመለከተ ይናገራል። ያ ጽሑፍ "አስቀያሚ ሐሳብ" አልነበረም፣ ዒላማ ነበር። ልጁ ፍትሕ ፍለጋ የሄደው ናይሮቢ ነው፤ የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ2017 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሏል። አዲስ አበባ ላይ 24 ሰዓት ውስጥ አንሱ የሚል አንቀጽ ያለው ሕግ ተቀምጦ!

ዒላማንና ሐሳብን መለየት ይቻላል። የማንዴላ አገር በ1989 ያጸደቀችው ሕገ መንግሥት ከጥበቃው ውጭ ያደረገው በዘር፣ በብሔር፣ በፆታ ወይም በሃይማኖት ጥላቻን ሰብኮ ጉዳት እንዲደርስ የሚቀሰቅስን ንግግር ነው፤ ሁለቱ መገናኘት አለባቸው። በ2013 ደግሞ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቷ "ስሜት የሚጎዳ" የሚለውን መስፈርት ግልጽነት የለውም ብሎ ከእኩልነት ሕጉ ሰረዘው። ለፍርድ የቀረበው አምደኛ ጽሑፍ ግን የጥላቻ ንግግር መባሉ አልቀረም። መስፈርቱ ጠበበ እንጂ ጥፋተኛው አላመለጠም።

እዚህስ? "ጥላቻን" የሚለው ቃል ከትርጓሜው ወጥቶ "ጥቃትንና መድልዎን" ብቻ ቢቀር፣ "እነ እገሌን ከሰፈራችሁ አስወጡ" ያለው ከተጠያቂነት አይወጣም። የሚወጣው ስለ ሌላው ብሔር ታሪክ የማይረባ ነገር የጻፈው ነው። እሱን መልስ መስጠት የታሪክ ምሁሩ፣ የሰፈሩ ሽማግሌ፣ የመስጊዱ ኢማም፣ የደብሩ ቄስ ሥራ ነው። አታካች ሥራ ነው፤ ላይክ አያመጣም።

ፖሊስስ? ፖሊስ በመስከረም 2011 የጠፋበት ቦታ ላይ፣ አሸዋ ሜዳ፣ መገኘት ነበረበት። በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ላይ ከአንድ ሺህ በላይ ወጣት አፍሶ ጦላይ ለማውረድ የሚሆን መኪናና ሰው አልጠፋም ነበር።