«ሲስተም የለም» መልስ አይደለም!



አንዲት የሠፈራችን እናት የነዋሪነት ማረጋገጫ ለማውጣት በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ ወደ ጽሕፈት ቤት ተመላልሰዋል። በመጀመሪያው ቀን «ሲስተም የለም» ተባሉ። በሁለተኛው ቀን «ሲስተሙ መጥቷል፤ መብራት ግን የለም» ተባሉ። በሦስተኛው ቀን መብራቱም ሲስተሙም ነበረ፤ ይሁን እንጂ «የእርስዎ ፋይል የለም» ተባሉ። እንዴ! አርባ ዓመት በአንድ የቤት ቁጥር የኖረ ሰው እንዴት የለም ይባላል? ዶሴያቸው እኮ ከጸሐፊው ጀርባ መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል።

ምክንያቱ ሲጣራ የሚያሳፍር ሆኖ ተገኘ። የአባታቸው ስም ኃይሉ ነው። መረጃውን ያስገባው ሠራተኛ በ«ኃ» ሲጽፈው፣ የሚፈልገው ሠራተኛ በ«ሀ» ጻፈው። ለጆሯችን አንድ የሆነው ድምፅ ለኮምፒዩተሩ ሁለት የተለያየ ፊደል ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ አንድ ሆነው እንዲፈለጉ ፕሮግራሙ ካልተሠራ በቀር ማሽኑ በራሱ አያውቅም። ይህ ለማንኛውም የፕሮግራም ባለሙያ ከባድ ሥራ አይደለም። የቸገረው ነገር ሥርዐቱ ሲገዛ ይህን የጠየቀ ሰው አለመኖሩ ነው።

የዘመን አቆጣጠሩም ጉዳይ እንደዚሁ ነው። በእኛና በፈረንጆቹ አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማገባደጃ 7፣ ከዚያ ወዲያ 8 ዓመት ነው። በኅዳር ለተወለደ ሕፃን በጅምላ 8 የሚደምር ሠራተኛ ልጁን በአንድ ዓመት ያሳንሰዋል። ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ ወላጁ ስህተቱን ለማሳረም ስንት ቀን እንደሚመላለስ የደረሰበት ያውቀዋል።

ከዚህ በመነሣት ሦስት የተሳሳቱ አመለካከቶችን መታገል ይገባናል።

አንደኛው «ኮምፒዩተር የባለሙያና የመንግሥት ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን» የሚለው ነው። ይህ ፍጹም ስህተት ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ሲቋቋሙ፣ ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በታች የሆኑ ቤቶች አስተዳደር ለቀበሌ ተሰጠ። የቤት ቁጥሩ፣ የቤተሰቡ ቅጽ፣ የኪራይ ካርኒው ሁሉ በየመዝገቡ የሰፈረው ነዋሪው ራሱ ቀርቦ በሰጠው ቃል ነው። በዚያ ዘመን የተፈጸመው በጎም ክፉም ብዙ ነው፤ እሱን አንዘነጋም። ነገር ግን መዝገቡ የሚናገረው ስለ እኛ ነው። መዝገቡ ከወረቀት ወደ ማሽን ስለተዛወረ ባለጉዳይነታችን አይቀርም።

ሁለተኛው «ወደ ወረቀቱ እንመለስ፤ ድሮ ይሻል ነበር» የሚለው ነው። ወገኖች፣ አንታለል! አይጥ የበላው፣ ጣሪያ ያፈሰሰበት፣ «ጠፍቷል» ተብሎ የሻይ ሲሰጥ የሚገኘው ዶሴ ተረሳን? በደንብ የተያዘ ኮምፒዩተር ማን፣ መቼ፣ የትኛውን ፋይል እንደከፈተና እንደለወጠ መዝግቦ ያስቀምጣል። ወረቀት ይህን አያደርግም። ይህ ግን የሚሠራው እያንዳንዱ ሠራተኛ የየራሱ የይለፍ ቃል ሲኖረው ነው። አንዱ የይለፍ ቃል በወረቀት ተጽፎ ስክሪኑ ላይ ተለጥፎ አምስት ሰው የሚጠቀምበት ከሆነ ተጠያቂ አይኖርም።

ሦስተኛውና እጅግ አደገኛው «ሁሉም ስካን ስለሆነ አሮጌው ወረቀት ይወገድ» የሚለው ነው። ይህ ወሬ በአሁኑ ጊዜ በሠፈራችን እየተነገረ ነው። እኛ የምንለው፦ ስካን የተደረገው ከዋናው ጋር አንድ በአንድ ሳይመሳከር፣ ባለጉዳዩም ሳያየው አንድ ገጽ እንኳ መጣል የለበትም። በተለይ የድሮ የቀበሌ ቤት ዶሴ ከተጣለ የብዙ ቤተሰብ ማስረጃ አብሮ ተጣለ ማለት ነው።

«ይህ ሁሉ የድሀ አገር ችግር ነው» የሚል ሰው ካለ ወደ አሜሪካ ይመልከት። በኒውዮርክ ግዛት፣ በሎንግ አይላንድ የሚገኘው ሰፎክ ካውንቲ 1.5 ሚሊዮን ያህል ነዋሪ ያለው ሀብታም የአካባቢ አስተዳደር ነው። ጳጉሜን 3 ቀን 2014 ዓ.ም. ሰርጎ ገቦች ኮምፒዩተሮቹን እንደያዙ ታወቀ፤ የተጠየቀው ቤዛም 2.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በኋላ ሲመረመር ሌቦቹ የገቡት በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. መሆኑ ተደረሰበት። ዘጠኝ ወር ያህል ቤት ውስጥ ተቀምጠው ማንም አላያቸውም! አስተዳደሩ ቤዛውን አልከፈለም፤ ነገር ግን ሲስተሙን መዝጋት ግድ ሆነበት። የአስቸኳይ ጊዜ ስልክ የሚቀበሉ ሠራተኞች በእስክሪብቶና በወረቀት ሠሩ። የቤት ባለቤትነት ማጣራት ስለቆመ ቤት የሚሸጥና የሚገዛ ሁሉ ተጉላላ። ጠቅላላ ጉዳቱ ከ25 ሚሊዮን ዶላር በላይ ደረሰ።

ገንዘብ አጥተው ነው? አይደለም። የካውንቲው ምክር ቤት ኮሚቴ ሲመረምር ያገኘው የአስተዳደር ጉድለት ነው። የየመሥሪያ ቤቱ የኮምፒዩተር ክፍል ለየብቻው ይሠራ ነበር። ለመረጃ ደኅንነት የበላይ ሆኖ የሚጠየቅ ሹም አልነበረም፤ አደጋ ሲደርስ ማን ምን ያድርግ የሚል የተጻፈ ዕቅድም አልነበረም። እንግዲህ ትምህርቱ ግልጽ ነው። ማሽን መግዛት አንድ ነገር ነው፤ ማስተዳደር ሌላ ነገር ነው። እኛም አገር በ1990ዎቹ አጋማሽ ወረዳ ኔት በመቶ የሚቆጠሩ ወረዳዎችን ሲያገናኝ ብዙ ደስታ ነበር። መስመር መዘርጋት ግን የሥራው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻው አይደለም። ለግዢ በጀት ተይዞ ለጥገና፣ ለባትሪና ለባለሙያ ሳይያዝ ሲቀር ውጤቱ ያው «ሲስተም የለም» ነው።

ስለሆነም ጽሕፈት ቤታችን የሚከተሉትን እንዲፈጽም እንጠይቃለን።

1ኛ/ ሲስተም ሲቋረጥ ባለጉዳይ ባዶ እጁን አይመለስ። ተራ ቁጥር ባለው ቅጽ ይመዝገብ፤ ቀሪው በእጁ ይሰጠው፤ ሲስተሙ ሲመለስ ጽሕፈት ቤቱ ራሱ አስገብቶ ይጥራው።

2ኛ/ መረጃው በሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዐይነት ማስቀመጫ ይያዝ፤ አንዱ ቅጂ ከሕንፃው ውጭ ይቀመጥ። ቅጂው እውነት ተመልሶ የሚነበብ መሆኑም በየጊዜው ይሞከር። ያልተሞከረ ቅጂ እንዳለ አይቆጠርም።

3ኛ/ የሲስተሙ ዋና ቁልፍ በሻጩ ድርጅት እጅ ብቻ አይሁን። ውል ሲያልቅ መዝገባችን ተቆልፎበት እንዳይቀር።

4ኛ/ የስም ፊደልና የዘመን ልወጣ ስህተት ይታረም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የተሳሳተ መረጃን የማሳረም መብት ሰጥቶናል፤ እርማት እንደ ችሮታ አይታይ።

5ኛ/ ሲስተሙ በየወሩ ስንት ሰዓት እንደተቋረጠና በምን ምክንያት እንደሆነ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።

እዚህ ላይ ግለ ሂስም ያስፈልጋል። እኛስ ምን አደረግን? «ሲስተም የለም» ስንባል አንገታችንን ደፍተን ወጣን። ለምን ተቋረጠ? ማን ይጠግነዋል? መቼ ልምጣ? ብለን በጽሑፍ አልጠየቅንም። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅም እኮ ከእኛ እኩል የተቸገረች ናት፤ በእሷ ላይ መጮህ ፋይዳ የለውም። ጥያቄው የሚቀርበው በጀቱን ለሚይዘውና ውሉን ለሚፈርመው ኃላፊ ነው።

በሉ እንግዲህ፣ በሚቀጥለው የሠፈር ስብሰባ ላይ እያንዳንዱ ሰው የደረሰበትን ቀንና የተሰጠውን መልስ በወረቀት ጽፎ ይምጣ። አንድ ሰው ሲያማርር ወሬ ነው፤ ሠፈር በጽሑፍ ሲጠይቅ ግን መልስ ይሰጠዋል። ከሁሉ በፊት የቀበሌ ቤት ዶሴዎቹ ከቦታቸው እንዳይነሡ በአንድ ድምፅ እንጠይቅ!