ዋጋው የጭራቁ ነው ወይስ የካርቶኑ?

እ.ኤ.አ. በ1961 አውሮራ የተባለው የኒውዮርክ ፕላስቲክ ፋብሪካ የፍራንከንስታይንን ጭራቅ በካርቶን አሽጎ በ98 የአሜሪካ ሳንቲም ለገበያ አቀረበ። ዕቃው ልጁ ራሱ በኮላ እያጣበቀና ቀለም እየቀባ የሚያቆመው ቁርጥራጭ ነበር። ድራኩላው፣ ሙሚው፣ ጎድዚላው ተከታተሉ። ዛሬ ያ የ98 ሳንቲም ዕቃ እሽጉ ሳይከፈት ከተገኘ በአሜሪካ ጨረታ በመቶዎች በሚቆጠር ዶላር ይሸጣል።

ይህን የሰማ ነጋዴ ሒሳብ መምታቱ አይቀርም። ይምታ፤ ነገር ግን ትርፉ ከየት እንደመጣ አስቀድሞ ይወቅ።

ፍላጎቱን የፈጠረው ቴሌቪዥን ነው። ዩኒቨርሳል በ1930ዎቹ የሠራቸው አስፈሪ ፊልሞች እ.ኤ.አ. በ1957 ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች ተሸጡና ጭራቁ በየሳሎኑ ገባ። አቅርቦቱን ያመናመኑት ደግሞ ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። ገጣጠሙት፣ ሰበሩት፣ እናቶችም ጠርገው ጣሉት። ስለዚህ ብርቅ የሆነው ያልተነካው ብቻ ነው። በኮላ የተጣበቀው ዋጋው ብዙ ይወርዳል፤ ባዶ ካርቶን ግን ለብቻው ገዢ አለው። አይፈረድም። የብዙዎቹን ካርቶኖች ሥዕል የሣለው ጄምስ ባማ ነው፤ ኋላ በዋዮሚንግ ተቀምጦ የምዕራብ አሜሪካን ሕይወት በመሣል ስም ያተረፈና በ2022 ያረፈ ሰዓሊ። አንዳንዱ ሥዕል ከውስጡ ፕላስቲክ እጅግ ይበልጣል።

ሥጋቱ ያለው ሞልዱ ላይ ነው። አውሮራ በ1977 ሞልዶቹን ለሞኖግራም ሸጠ፤ ሞኖግራምም ጭራቆቹን መልሶ አወጣቸው። በ1990ዎቹ ደግሞ ፖላር ላይትስ የሚባለው ስም ከጥንቱ ዕቃ እየገለበጠ አዲስ ሞልድ አሠራ። ጭራቁን ለመደርደሪያው የሚፈልግ ሰው አዲሱን በጥቂት ዶላር ካገኘ ለአሮጌው ለምን ይከፍላል? የሚከፍለው ካርቶን ሰብሳቢው ብቻ ነው።

የእኛ አገር ነጋዴ ይህን ከጠገራ ብር ያውቀዋል። እቴጌ ማርያ ትሬዛ በ1780 ሞተች፤ ብሩ ግን ያንኑ 1780 እንደያዘ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በቦምቤይ ሲመታ ኖሯል። «የ1780 ብር አለኝ» ብሎ ወደ ወርቅ ቤት የሚሄድ ሰው በአብዛኛው የሚያገኘው የብሩን ክብደት ዋጋ ነው። ማተሚያው ካልተሰበረ ዓመተ ምሕረቱ ብቻውን ዋጋ አይሆንም።

ሌላው የገዢው ዕድሜ ነው። በ1962 አሥር ዓመት የነበረው ልጅ ዛሬ ሰባን ተሻግሯል። ገንዘቡም ትዝታውም ያለው እርሱ ዘንድ ነው። ስብስቡ ወደ ወራሾች ሲያልፍ ግን ፊልሙን በልጅነታቸው ያላዩት ልጆቹ ወደ ጨረታ ይወስዱታል። ሻጭ ይበዛል፤ የገዢውን ቁጥር ግን ማን ይተካዋል? በዚህ ጸሐፊ እምነት የዛሬው ዋጋ ይህን ጥያቄ ገና አላሰላውም።

ቢሆንም ይህ ጸሐፊ ቢገዛ የተጣበቀውን ይገዛል፤ ቀለሙ የተዝረከረከውን፣ አንድ እጁ ጠማማ የሆነውን። ርካሽ ነው፤ አቧራውን ለመጥረግም ጓንት አያስፈልገውም።