ከሰሉ ሳያልቅ

እኩዮቼ ሆይ፤ በየምክር ቤቱ፣ በየልማት ማኅበሩና በየሽምግልናው ወንበር ተቀምጣችሁ ቃላችሁ ዛሬም ለሚደመጥ፣ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። ዕድሜዬን በፕላንና በበጀት ሥራ አሳልፌአለሁ። ከምድር በሚወጣ አንድ ሀብት ብቻ የሚተዳደር ሕዝብ ምን እንደሚገጥመው እያወቅሁ ዝም ብዬ መሞት አልፈልግም።

የምነግራችሁ ስለ አንድ የአሜሪካ ገጠር ነው። በዋዮሚንግ ግዛት ሰሜን ምሥራቅ ካምቤል የምትባል ካውንቲ አለች። በ2020 ቆጠራ (ዓመቶቹንና ወሮቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ) ነዋሪዋ 47,000 ያህል ነበር። መቀመጫዋ ጂሌት ራሷን «የአገሪቱ የኃይል መዲና» ብላ ትጠራለች፤ ፉከራ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ከምታወጣው የድንጋይ ከሰል 40 በመቶ ያህሉ የሚቆፈረው ከዚያ አካባቢ፣ ከፓውደር ወንዝ ተፋሰስ ነው። ከሰሉ ወፍራም ነው፣ ከመሬት ወለልም ብዙ አይርቅም። ድኙ አነስተኛ ስለሆነ በ1990 የአየር ብክለት ሕጉ ከጠበቀ በኋላ የኃይል ማመንጫዎች ተሻሙበት። መንገዱም ትምህርት ቤቱም በዚያ ገንዘብ ተሠራ። ትምህርት ያላጠናቀቀ ወጣት እንኳ በማዕድኑ ትልቅ መኪና እየነዳ ቤት የሚሠራበት አገር ሆነ።

በ2008 ዋዮሚንግ ከ460 ሚሊዮን ቶን በላይ ከሰል አወጣች። ከዚያ ወዲህ ቁልቁለት ነው። ርካሽ የተፈጥሮ ጋዝ መጣ፣ ነፋስና ፀሐይ ተከተሉ፣ ያረጁት የከሰል ማመንጫዎች አንድ በአንድ ተዘጉ። በ2024 ምርቱ ከ200 ሚሊዮን ቶን በታች ወረደ። በመጋቢት 2016 መጨረሻ፣ በአንድ ቀን፣ ሁለቱ ትልልቅ ማዕድኖች ኖርዝ አንቴሎፕ ሮሼልና ብላክ ተንደር 465 ያህል ሠራተኞችን አሰናበቱ።

ሰው ሁሉ የሚያዝነው ለጠፋው ሥራ ነው፤ ማዘንም ይገባል። እኔ ግን ከሁሉ አስቀድማችሁ የግብሩን ነገር እንድትመለከቱ እለምናችኋለሁ፤ እቅድ ሁሉ የሚሰናከለው እዚያ ላይ ነውና።

ዋዮሚንግ በሰው ደመወዝም ሆነ በኩባንያ ትርፍ ላይ የገቢ ግብር አትጥልም። ለንብረት ግብር ደግሞ ከመሬት የወጣ ማዕድን በሙሉ ዋጋው ይታሰባል፤ የፋብሪካ ንብረት ከዋጋው 11.5 በመቶው፣ መኖሪያ ቤት 9.5 በመቶው ብቻ። ለነዋሪው እንዲህ ያለ ምቾት ከየት ይገኛል? ከሰሉ ለሁሉም ይከፍላል። አሁን የልማት ኮሚቴው ለፍቶ፣ ደጅ ጠንቶ፣ ሁለት መቶ ሰው የሚቀጥር አንድ ድርጅት ከሌላ ግዛት አመጣ እንበል። ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል። ሁለት መቶ ቤተሰብ ይገባል። ልጆቹ ትምህርት ቤት ይፈልጋሉ፤ መንገድ፣ ውኃ፣ ሐኪም፣ ፖሊስ ያስፈልጋል። ከእነዚህ ቤተሰቦች የሚሰበሰበው ግብር ግን ለእነሱ ከሚወጣው በብዙ ያንሳል። ጉድለቱን የሚሞላው ያው ከሰል ነው። ከሰሉ ሲቀንስ፣ አዲሱ ሥራ በበዛ መጠን የበጀቱ ቀዳዳ ይሰፋል። የግዛቲቱ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ይህን ሲናገሩ ዓመታት አልፈዋል፤ የሚሰማቸው ፖለቲከኛ ግን ጥቂት ነው፣ ግብር ይለወጥ ያለ ሰው አይመረጥምና።

እንግዲህ የገቢ ምንጭን ማብዛት ማለት አዲስ ድርጅት መጥራት ብቻ መስሎ የሚታየው ሰው ግማሹን ነገር አልጀመረውም። ድርጅቱ ከመጠራቱ በፊት መጠየቅ ያለበት፣ ይህ ድርጅት በዚህ የግብር ሕግ ለትምህርት ቤቱ ስንት ያስገባል የሚለው ነው። መልሱ «ምንም» ከሆነ ሕጉ ይለወጥ፤ የሚለወጠውም ከሰሉ ገና እየከፈለ ሳለ ነው። ከተራበ ሕዝብ ላይ አዲስ ግብር አይሰበሰብም።

ሁለተኛው ነገር ኪሳራ ሲመጣ ዕዳው ማን ላይ እንደሚወድቅ ነው። ኢግል ቢዩትና ቤል ኤየር የሚባሉ ሁለት ማዕድኖች ከጂሌት አጠገብ አሉ። በ2015 ባለቤታቸው አልፋ የተባለው ኩባንያ ከሰረ። በዋዮሚንግ የቆፈረውን መሬት መልሶ ለማልማት የገባው ዋስትና 411 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ነገር ግን ዋስትናው የኩባንያው የራሱ ቃል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሕጉ ይፈቅድ ነበርና፣ ከጀርባው ጥሬ ገንዘብም ሆነ ኢንሹራንስ አልነበረም። ግዛቲቱ በድርድር ያገኘችው የ61 ሚሊዮን ዶላር የቅድሚያ መብት ነው። ማዕድኖቹ ለኮንቱራ፣ ከኮንቱራ ደግሞ ለብላክጁወል ተላለፉ። በሐምሌ 1 ቀን 2019 ብላክጁወል የኪሳራ አቤቱታ አቀረበ፤ 600 ያህል ሠራተኞች በዚያው ቀን ከበር ተመለሱ። ለካውንቲው ሳይከፈል የቀረው ግብር 37 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር።

ያን ያህል ዕዳ እንዴት ሊከማች ቻለ? ግብሩ የሚከፈለው ከሰሉ ከወጣ እስከ አሥራ ስምንት ወር ቆይቶ ስለነበር ነው። ከሰሉ ተቆፍሮ፣ ተሽጦ፣ ነድዶ አመድ ከሆነ በኋላ ካውንቲው ገና ድርሻውን ይጠብቃል። ኩባንያው በመካከል ሲከስር ካውንቲው ከአበዳሪዎች ጋር ተሰልፎ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ይንከራተታል። ግዛቲቱ ክፍያው በየወሩ እንዲሆን ሕግ ያወጣችው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው። ያለ ትልቅ ጥናት፣ በአንድ አንቀጽ ሊታረም የሚችል ነገር ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነበር፤ ሁሉም እያወቀው ቆየ።

ሌላም አለ። በ1990ዎቹ መጨረሻ በዚያው አካባቢ ከከሰል ንብርብር ውስጥ ጋዝ ማውጣት ተጀመረና ሕዝቡ «ከከሰል ጥገኝነት ወጣን» ብሎ ተስፋ አደረገ። በሺዎች የሚቆጠሩ ጉድጓዶች ተቆፈሩ። ከ2008 በኋላ የጋዝ ዋጋ ሲወድቅ ትንንሾቹ ኩባንያዎች ጉድጓዶቻቸውን ጥለው ሄዱ፤ ግዛቲቱ በሺዎች የሚቆጠሩትን ራሷ መድፈን ነበረባት። ከሰልም ጋዝም ዋጋቸው የሚወሰነው በአንድ የኃይል ገበያ ነው፤ አንዱ በሌላው ላይ ሲጨመር ጥገኝነቱ ተደረበ እንጂ አልተቃለለም። ዛሬም አንድ ትልቅ ነገር መጥቶ ሁሉን ይተካል የሚሉ አሉ። አንዱ ትልቅ ነገር ሲመጣ ሁለተኛውን ካልጠየቃችሁ እዚያው ናችሁ።

እጅግ የምፈራው ግን ክፉውን ዓመት ሳይሆን ትንሽ እፎይታ የሚሰጠውን ነው። ገበያው ሲወድቅ ጥናት ይታዘዛል፣ ገበያው ሲያገግም ጥናቱ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። በ2025 ከዋሽንግተን ለከሰል የሚያደላ ፖሊሲ መጣና ብዙዎች ተነፈሱ። የሆነውን እንመልከት። በፌዴራል መሬት ላይ ከሚወጣ ከሰል ይከፈል የነበረው ሮያልቲ ከ12.5 በመቶ ወደ 7 በመቶ ዝቅ አለ፤ ከሮያልቲው ግማሽ ያህሉ ለግዛቲቱ የሚመለስ ስለሆነ፣ ለኩባንያው የተሰጠው እፎይታ ከሕዝቡ ካዝና ወጣ። በ2012 በዚሁ ተፋሰስ 721 ሚሊዮን ቶን ከሰል ለመቆፈር 793 ሚሊዮን ዶላር ቀርቦ ነበር፤ እንዲህ ያለው የሊዝ ገንዘብ ነው የዋዮሚንግን ትምህርት ቤቶች የሠራ። በጥቅምት 2025 በተፋሰሱ የሞንታና ክፍል 167 ሚሊዮን ቶን ለጨረታ ሲወጣ የቀረበው ዋጋ 186,000 ዶላር ነው። ለአንድ ቶን አንድ ሳንቲም እንኳ አልሞላም፤ መንግሥትም አልተቀበለውም። ፖለቲካው ከሰልን ወደደ፣ ገበያው ግን ዋጋውን ነገረን። የትኛውን አምናችሁ እቅድ ትነድፋላችሁ?

ጨለማውን ብቻ አልነግራችሁም። ዋዮሚንግ በ1974 ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ ከማዕድን ግብር የተወሰነው ድርሻ በቋሚ ፈንድ እንዲቀመጥ አደረገች፤ ዋናው አይነካም፣ ፍሬው ብቻ ለሥራ ይውላል። ያንን የወሰኑ ሰዎች አብዛኞቹ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ልጆቻቸው ግን ከዚያ ፍሬ ይማራሉ። ከዚህም ይበልጥ ልቤን የነካው የጂሌት ኮሌጅ ነገር ነው። በ2020 ኮሌጁን ያስተዳድር የነበረው የኮሌጆች ዲስትሪክት በበጀት እጥረት የስፖርት ቡድኖቹን ሰረዘ። የካምቤል ሰዎች በነሐሴ 2021 በድምፃቸው ኮሌጁን ራሱን የቻለ አደረጉት፤ ለዚያም በራሳቸው ላይ የንብረት ግብር ጨመሩ። ግብር መጣል የማይወድ ሕዝብ፣ ከሰሉ በሚቀንስበት ዓመት፣ ለልጆቹ ትምህርት ብሎ ከኪሱ ልክፈል አለ። ብዙ ሽማግሌ እዚያ ድምፅ ሰጥቷል ብዬ አምናለሁ።

መልሶ ማልማቱንም አትናቁት። የተቆፈረውን መሬት መሙላትና ሣር ማብቀል ብዙ ዓመት የሚወስድ፣ ያንኑ መኪናና ያንኑ እጅ የሚፈልግ ሥራ ነው። ገንዘቡ በእውነተኛ ዋስትና ከተቀመጠ የማዕድን ሠራተኛው አገሩን ሳይለቅ የሚሸጋገርበት ድልድይ ይሆናል። በቃል ብቻ ከተቀመጠ ለልጅ ልጅ የሚተርፈው ጉድጓድ ነው።

በአገራችንም በሶማሌ ክልል የካሉብ ጋዝ የመጀመሪያው ምዕራፍ በ2025 ተመርቋል፤ በየአካባቢው የከሰል ማዕድን እየተከፈተ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 98 ከትልልቅ ማዕድንና ከነዳጅ ሥራ የሚገኘውን ግብርና ሮያልቲ የፌዴራልና የክልል የጋራ አድርጎታል። ወረዳው ራሱ ምን እንደሚደርሰው፣ የደረሰውም በምን ላይ እንደሚውል መጠየቅ የእናንተ ድርሻ ነው፤ በተለይ በአንደኛው ዓመት፣ ገንዘቡ ገና ትኩስ ሳለ።

በሚቀጥለው ስብሰባ የሚቀርበውን እቅድ ስታነቡ እነዚህን ጠይቁ። ግብሩ የሚከፈለው በየወሩ ነው ወይስ በየዓመት ተኩል? ኩባንያው ቢከስር ጉድጓዱን የሚሞላው ገንዘብ በየትኛው ባንክ፣ በማን ስም ተቀምጧል? ከዘንድሮው ገቢ ማንም ሊነካው የማይችል ፈንድ ውስጥ የሚገባው ስንት በመቶ ነው? አዲሱ ድርጅት ሲመጣ የትምህርት ቤቱን በጀት ይደግፋል ወይስ ሸክም ይሆንበታል? መልስ የሌለው እቅድ ከቀረበላችሁ አትፈርሙ፤ ጥያቄያችሁም ከነስማችሁ በቃለ ጉባኤው ላይ ይስፈር።