እነሱ መብራት እየከፈሉ ውሃ ያስወርዳሉ፣ እኛ የሚወርደውን ዘጋን

ሰሞኑን ሻይ እየጠጣን አንድ መምህር ባልደረባዬ የለንደኑን ሰው ሠራሽ ፈጣን ወንዝ በስልኩ አሳየኝ። ሰው በጎማ ጀልባ እየተገለበጠ ይስቃል። «ይሄን እኮ ጉማራ ላይ ብንሠራው ወንዛዬ ፍል ውሃ የሚመጣው ሁሉ ሁለት ቀን ጨምሮ ያድር ነበር» አለኝ። ሻዩ ሳያልቅ ተጨቃጨቅን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቦታው ሊ ቫሊ ይባላል፣ ለ2012ቱ (እ.ኤ.አ.) ኦሎምፒክ የተሠራ ነው። 300 ሜትር የኮንክሪት ቦይ፣ 5.5 ሜትር ቁልቁለት፣ በሰከንድ 13 ሜትር ኩብ ውሃ። ውሃው ከታችኛው ኩሬ በፓምፕ ወደ ላይ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ እንደገና ይወጣል። የፊዚክስ መምህር ነኝና ወረቀት አወጣሁ። 13,000 ኪሎ ሲባዛ በ9.8 ሲባዛ በ5.5፣ ወደ 700 ኪሎዋት። የፓምፑ ብክነት ሳይታሰብ ማለት ነው። እኛ ደግሞ ላብራቶሪ ከመግባታችን በፊት መብራት መኖሩን የምናይ ሰዎች ነን።

ጉማራን ሁላችንም እናውቀዋለን። ክረምት ከጉና ደፍርሶ ሲመጣ ማን ጀልባ ይዞ ይጠጋዋል? በጋ ደግሞ ታች ፎገራ ገበሬው በሞተር እየሳበ ሽንኩርት ያጠጣበታል። የማንን ሽንኩርት አድርቀን ነው የምንንሳፈፈው?

እኔን ግን ያናደደኝ ሌላ ነው። ይሄው የጉማራ ውሃ ጣና ይገባል፣ ከጣና በዓባይ ወጥቶ ጢስ ዓባይ ይደርሳል። ወደ 40 ሜትር ከፍታ፣ ክረምት ሲሞላ እስከ 400 ሜትር ስፋት። እንግሊዝ ለ5.5 ሜትር ፓምፕ ታስነሳለች፣ እኛ በነጻ የተሰጠንን 40 ሜትር ዘጋን! በ1956 ዓ.ም. የመጀመሪያው ማመንጫ ከፏፏቴው በላይ ውሃ መጥለፍ ሲጀምር ትንሽ ነበር። በ1993 ሁለተኛው መጣ፣ በበጋ አብዛኛው ውሃ በቦይ ሄደ። በ2002 በለስ ከጣና በዋሻ መሳብ ጀመረ። ጨረጨራ ላይ በር ስላለ በዓባይ ስንት እንደሚወርድ የሚወስነው ሰው ነው፣ ዝናብ ብቻ አይደለም።

አንድ የካቲት ተማሪዎች ይዤ ሄድኩ። ፊት ለፊቱ ቆመን አንዷ «ቲቸር፣ ፏፏቴው የቱ ጋ ነው?» አለችኝ። የድሮው አንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ ያለው ነው ልላት ነበር። እሷ የምታውቀው ሳንቲሙን ነው።

«ታዲያ መብራት ይቅር?» የሚለኝ አይጠፋም። አላልኩም። በለስ 460 ሜጋዋት ነው፤ በሰከንድ አንድ ሜትር ኩብ ውሃ እዚያ ወደ 3 ሜጋዋት ገደማ ያመነጫል። ለፏፏቴ የሚለቀቅ ውሃ ዋጋ አለው፣ አልክድም። ግን ናያግራም እኮ ማመንጫ ነው። አሜሪካና ካናዳ በ1950 (እ.ኤ.አ.) ተፈራርመው፣ በጎብኚ ወቅት ቀን ቀን በሰከንድ ቢያንስ 2,800 ሜትር ኩብ ገደማ በፏፏቴው እንዲወርድ፣ በሌላው ጊዜ ግማሹ እንዲበቃ ወሰኑ። ጎብኚው ሲተኛ ውሃው ተርባይን ይገባል።

እኛም ሙሉ ቀን አልጠየቅንም። ቅዳሜና እሁድ ጥቂት ሰዓት፣ የጥምቀት ሰሞን ትንሽ ጨመር አድርጎ። ኮንክሪት አይፈልግም፣ ፓምፕ አይፈልግም፣ በሩ ተሠርቶ ቆሟል። የሚፈልገው የታተመ ፕሮግራም ነው፣ አስጎብኚውም ባለ ጀልባውም እንግዳ የሚቀጥርበት። ይሄ ካልሆነ ግን በበጋ የሚቆረጠው ትኬት ላይ «ፏፏቴ» የሚለው ይሰረዝና «ገደል» ተብሎ ይጻፍልን።