ከታሪክ ማኅደር፦ የተሸናፊው ብር

በጥንቷ ሮማ ሥልጣን የሚሻ የጦር አዛዥ ከሠራዊት ቀጥሎ የሚያስፈልገው ብር ነበር። ደሞዝ ያልተከፈለው ወታደር ነገ ለባላጋራው ያድራል። ስለዚህ ተፎካካሪዎቹ ሁሉ በየሰፈሩበት ገንዘብ ያስቀርጹ ነበር። ገንዘቡ በአማርኛው ወንጌል ዲናር የተባለው ሲሆን አራት ግራም የማይሞላ የብር ሳንቲም ነው።

ጁሊየስ ቄሳር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት፣ በሕይወቱ ሳለ መልኩ በሮማ ገንዘብ ላይ የተቀረጸለት የመጀመሪያው ሮማዊ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ማርች 15 ቀን ተገደለ። ከገዳዮቹ አንዱ ብሩተስ፣ ጦሩን ይዞ ሲዘዋወር ባስቀረጸው ዲናር ላይ ሁለት ጩቤዎችና ነፃ የወጣ ባሪያ የሚደፋውን ቆብ አሳየ፤ የግድያውንም ቀን አስጻፈበት። የሚገርመው ግን ቄሳርን «ሊነግሥብን ነው» ብሎ የገደለው ሰው፣ በሳንቲሙ ሌላ ገጽ ላይ ያኖረው የራሱን መልክ ነው። በ42 በፊልጵስዩስ ጦርነት ተሸንፎ ራሱን አጠፋ።

ቀጥሎ የተጋጠሙት የቄሳር ወራሽ ኦክታቪያንና ማርክ አንቶኒ ናቸው። አንቶኒ በ32 እና በ31 ለሠራዊቱ ደሞዝ እጅግ ብዙ ዲናር አስቀረጸ። በአንድ ገጹ የጦር መርከብ፣ በሌላው የንስር ዓርማና የክፍለ ጦሩ ቁጥር ነበረበት። ወታደሩ ደሞዙን ሲቀበል የገዛ ክፍሉን ስም ያገኝበታል። ይሁን እንጂ ሌላ ማዕድን ስለተደባለቀበት ብሩ እንደ ቀድሞው ንጹሕ አልነበረም።

ሴፕቴምበር 2 ቀን 31 አንቶኒ በአክቲዩም የባሕር ጦርነት ድል ሆነ፤ በዓመቱ እስክንድርያ ላይ ራሱን ገደለ። ሐውልቶቹም ፈረሱ። ዲናሩ ግን ከገበያ አልጠፋም። ሰው ንጹሑን ብር ይሸሽጋል ወይም ያቀልጣል፤ የተደባለቀውን ቶሎ ከእጁ ያወጣል። በዚህም ምክንያት የአንቶኒ ዲናር ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖረ። ዛሬ በየሙዚየሙ ከሚታዩት ብዙዎቹ ከመታሸት ብዛት መርከቡ እንኳ በግድ ይለያል።

አሸናፊው የባላጋራውን ሐውልት ማፍረስ ቻለ፤ ስሙን ግን ከገበያተኛው መቀነት ሊያወጣው አልቻለም።